ከጨለለቂ የመጡ የሲሬ ሰዎች

የእህቴ ልጅ በስልኳ ትጽፋለች። ደብዳቤ እንዳይመስላችሁ፤ ወግ፣ ታሪክ፣ ያየችውን፣ ያላየችውን፣ ሁሉንም ትጽፋለች። ጽሑፏን የሚያወጣላት በኢንተርኔት ላይ ያለ አንድ ድርጅት ደግሞ ይከፍላታል። ባለፈው እሑድ አጠገቤ ቁጭ ብላ አከፋፈሉን ታስረዳኝ ጀመር።

«ጋሼ፣ እዚያው ድርጅቱ ውስጥ ሲዘዋወር ያገኘኝ አንባቢ የሚያስገኝልኝ ትንሽ ነው። እኔ ራሴ ከውጭ ጎትቼ ያመጣሁት አንባቢ ግን ብዙ ያስገኝልኛል። ለዚህ ነው ሊንኩን ለሰው ሁሉ የምልከው።»

«ከውጭ መምጣቱን በምን ያውቃሉ?» አልኳት።

«ይመዘገባላ!»

ይህን ስትል ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። «ጋሼ፣ ምን ሆንክ?» ብትለኝ «ሻዩ አቃጠለኝ» አልኳት። ሻይ ገና አልቀረበም ነበር።

ለእሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልናገር። እናንተ አታውቁኝም። ስሜንም ተዉት፤ ነቀምቴ ውስጥ አሁንም የሚያስታውሱት ሰዎች በሕይወት አሉ፤ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው፣ ማስታወሱን ግን ይቀንስላቸው።

በደርግ ጊዜ ነቀምቴ ውስጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበርኩ። ያ ዘመን ለእኛ ለጸሐፊዎች ደግ ነበር። ስኳር ለማግኘት ማመልከቻ፣ ቤት ለማሳደስ ማመልከቻ፣ ዘመድ ለመጠየቅ ከከተማ ለመውጣት ማመልከቻ። ለመሞት ብቻ ነበር ማመልከቻ የማይጠየቀው፤ ለመቀበር እንኳ ይጠየቅ ነበር። እኔም ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ በጋሽ ነስሩ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ከጧት እስከ ማታ ታይፕ እመታለሁ። ጋሽ ነስሩ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ የከረመ ነጋዴ ነው። ወረቀቱም፣ ቴምብሩም፣ ታይፑም፣ በረንዳውም የእሱ ነው። የእኔ የሆነው ጣቴና መነጽሬ ብቻ ነበር። መነጽሬ ወፍራም ስለሆነ የከተማው ሰው «ባለ መነጽሩ» ይለኛል።

ከበረንዳው ወዲያኛው ጫፍ መሪጌታ ይቀመጣሉ። ከጎጃም የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ታይፕ የሚባል ነገር አይነኩም። በብዕር ነው የሚጽፉት፤ ፊደላቸው ግን ቆሞ የሚሄድ ይመስላል። የእኔን ታይፕ ድምፅ በሰሙ ቁጥር «በረዶ መጣ» እያሉ ወደ ሰማይ ያያሉ።

አንድ ክረምት ደንበኛ ሳሳ። ጋሽ ነስሩ ሁለታችንን ጠራንና ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ አዲስ ሕግ አወጣ።

«የከተማው ሰው እናንተ ኖራችሁም አልኖራችሁም እዚህ ይመጣል። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ የት ይሄዳል? ስለዚህ እሱ የኔ ደንበኛ ነው፤ ከሚከፍለው ከአራት እጅ አንዱ የእናንተ ነው። ከሲሬ፣ ከጊምቢ፣ ከአንገር ጉቲን ተሳፍሮ፣ ያን ሁሉ ጸሐፊ አልፎ፣ እናንተን ብሎ የመጣ ሰው ግን እናንተ ያመጣችሁት ነው። እሱን እኩል እንካፈላለን።»

«ከሩቅ መምጣቱን በምን ታውቃለህ?» አሉ መሪጌታ።

ጋሽ ነስሩ ከመደርደሪያው ጥቁር ሽፋን ያለው መዝገብ አወረደ። ስም፣ የመጡበት አገር፣ ማንን ብለው እንደመጡ፤ ከዳር ደግሞ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ። «ጽፋችሁ ታስፈርማላችሁ። ከዚያ በላይ አልጠይቅም፤ እኔ ሰው አምናለሁ» አለ።

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ ራሴን የምመታባት እሷ ናት።

መጀመሪያ በሐቅ ሞከርኩ። ይህን የምለው እንድታመሰግኑኝ አይደለም፤ ሐቁም ራሱ አሳፍሮኛል። አንድ ቅዳሜ አራት ጣት በምታህል ቁራጭ ወረቀት ላይ «ነቀምቴ ጉዳይ ያለዎት፣ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለ መነጽሩን ይጠይቁ። ኢትዮጵያ ትቅደም» ብዬ ብዙ ቅጂ መታሁና ይለፍ ወረቀቴን ይዤ በአውቶቡስ ሲሬ ሄድኩ። ማቆሚያው አጠገብ ቆሜ ለሚያልፈው ሁሉ ማደል ጀመርኩ።

በዚያ ዘመን ታጥፎ በእጅ የሚሰጥ ወረቀት ምን ያስከትል እንደነበር የምታስታውሱ አሁን በእኔ ትስቃላችሁ። የመጀመሪያው ገበሬ ሳያነብ መለሰልኝ። ሁለተኛው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ «አላየሁህም» አለኝ። ሦስተኛዋ ሴት ቅርጫቷን ጥላ ሮጠች፤ ቅርጫቱን ይዤ ስከተላት ደግሞ የባሰ ሮጠች። የአውቶቡሱ ረዳት ሆዱን ይዞ ስቆ ስቆ ሲያበቃ፣ «ወንድሜ፣ ሳትታሰር ወረቀትህን ብላው። እኔ በአፌ አስተዋውቅልሃለሁ» አለኝ። በአንድ ፓኮ ሲጋራ ተስማማን።

ረዳቱ ቃሉን ጠበቀ። ሰኞ ጧት አውቶቡሱ ነቀምቴ ሲገባ «ጉዳይ ያለው! ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ባለ መነጽሩ!» እያለ ሲጮህ እኔው በጆሮዬ ሰማሁ። ስምንት የሲሬ ገበሬዎች ተከታትለው ወደ በረንዳችን መጡ። እኔም ደንበኞቼን ጥርት አድርጌ ልያቸው ብዬ መነጽሬን አውልቄ በሸሚዜ ጫፍ መጥረግ ጀመርኩ። ለካስ በዚያው ሳምንት መሪጌታ ሐኪም ያዘዘላቸውን መነጽር አድርገዋል። ገበሬዎቹ ጥምጣም፣ ጢምና መነጽር ሲያዩ ምን ይጠራጠራሉ? ስምንቱም እኔን አልፈው እሳቸው ፊት ተሰለፉ።

መሪጌታ ተገርመው ወደኔ ዞሩ። «ሲሬ ድረስ መታወቄን እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። ተመስገን ነው!» አሉኝ።

እኔም ተመስገን አልኩ። ሲጋራው ግን አንጀቴን አቃጠለው።

በማግሥቱ ቶለሳ የሚባል አናጺ መጣ። የጨለለቂ ሰው ነው፤ ከበረንዳችን በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ማመልከቻውን እየመታሁ እንደ ዋዛ «እናትህ የት ነው የተወለዱት?» አልኩት። «ሲሬ» አለ። ብዕሬ ራሷ ተነሥታ መዝገቡ ላይ «ከሲሬ» ብላ ጻፈች። እኔ ምን ላድርጋት?

ያን ቀን ስመገብም ስተኛም ስከራከር ዋልኩ፤ ተከራካሪውም ፈራጁም እኔ ስለነበርኩ አሸነፍኩ። ነገሩን አስቡት እስቲ፤ በዚህች ከተማ ከሌላ ቦታ ያልመጣ ማን አለ? መሪጌታ ከጎጃም፣ ጋሽ ነስሩ ከጉራጌ፣ እኔ ራሴ በአባቴ ከሸዋ። ያልመጣ ቢኖር እንኳ አያቱ መጥቷል። እንግዲህ «የመጡበት አገር» ለሚለው ጥያቄ «ሲሬ» ማለት ውሸት ሳይሆን ትንሽ የቆየ እውነት ነው። ምክንያት ፈላጊ ሰው ምክንያት አጥቶ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ደንበኛ ሁሉ እንደተቀመጠ አስጠናዋለሁ። «ጋሽ ነስሩ ከየት መጣህ ካለህ ከሲሬ በል። ማንን ብለህ ካለህ ባለ መነጽሩን በል።» ለምን ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። በል የተባለውን ማለት የለመድንበት ዘመን ነበር፤ ሰው መፈክር ካጠና ሲሬን ማጥናት ምን ያቅተዋል?

ጋሽ ነስሩ የሩቅ ደንበኛ ሲጎርፍ አይቶ ደስታውን አልቻለውም። ለመንገደኞቹ አግዳሚ ወንበር አሠራ። እንስራ አስቀምጦ በገዛ እጁ ውሃ ይቀዳላቸው ጀመር። «መንገዱ እንዴት ነበር?» ይላቸዋል በኀዘኔታ። የጨለለቂው ሰውዬ ውሃውን ጨልጦ አፉን እየጠረገ «አቧራው አይጣል ነው» ይላል። አንዱማ ጨዋታው ደርቶለት «ሁለት ጊዜ ጎማ ፈነዳብን» አለና ጋሽ ነስሩ ከንፈሩን መጦ ሁለተኛ ጣሳ ቀዳለት። መሪጌታ ብዕራቸውን አንስተው «አይ ሲሬ! ዛሬስ እንስሶቹ ብቻቸውን ሳይቀሩ አይቀሩም» አሉ ለራሳቸው። ሰምቼ እንዳልሰማ ታይፔን አስጮህኩ። ቢያዩኝ እስቃለሁ ባያዩኝ እሰርቃለሁ ማለት ይኸው ነው።

ገንዘብ ሲመጣ ራሴን የማላውቅ ሆንኩ። የቆዳ ቦርሳ ገዛሁ። የምይዝበት ነገር ስላልነበረኝ ምሳዬን ከትቼበት እመላለስ ነበር። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።

ገደሉ አዴ ጫልቱን ይዞ መጣ።

አዴ ጫልቱ ገበያ ላይ ጨውና በርበሬ የሚቸረችሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጨለለቂ ሁሉ የሚያውቃቸው ሴት ናቸው። አንድ ጧት መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«አካም ቡልቴ፣ ያ ኢልማ ኮ?» አሉኝ፤ እንዴት አደርክ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ነጋ፣ አዴ። እርስዎስ?» አልኳቸው፤ ሰላም ነው ማለቴ ነው።

«ምን ነጋ አለ?» አሉ። «ሲሬ ያለችው እህቴ ታማብኝ ሦስት ወር ሳስታምማት ቆየሁ። ተመልሼ ብመጣ ቀበሌው ‹አንቺ ሲሬ ገብተሻል፣ ቤቱ ለሌላ ሰው ይሰጣል› አለኝ። ባሌ የሞተው እዚያ ቤት ነው፤ ልጆቼን የወለድኩት እዚያ ቤት ነው። ማሎ፣ እባክህ፣ የሲሬ ሰው አይደለሁም ብለህ ጻፍልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ጻፍኩላቸው። እውነቴን ነው፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም። ቤቱን፣ ደጃፉን፣ ባላቸው የተከሉትን ባሕር ዛፍ ሳይቀር አስገባሁበት። ሳነብላቸው እሳቸው ያዳምጣሉ፣ እኔ አለቅሳለሁ። መጨረሻው ላይ «የሲሬ ነዋሪ ሆኜ አላውቅም» የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ከዚያ እንባዬን ጠርጌ መዝገቡን ሳብኩ። እጄ ለምዷላ! «አዴ፣ ጋሽ ነስሩ ከየት መጡ ካለዎት ከሲሬ ይበሉ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ከሲሬ? ከሲሬ አይደለሁም ለማለት አይደል እንዴ የመጣሁት?»

«እሱ ማመልከቻው ላይ ነው። ይሄ የሱቁ መዝገብ ነው፤ ሁለቱ አይገናኙም።»

«እንግዲህ አንተ ነህ የተማርከው» አሉና አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው «ከሲሬ» ከሚለው ቃል አጠገብ አሳረፉ።

እስከ ዛሬ «የተማረ» የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር ያቺ አውራ ጣት ትታየኛለች።

በሳምንቱ ጓድ ፈይሳ መጣ። ፈይሳ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነው፤ ጠመንጃው ከእሱ ይረዝማል። «እዚህ በረንዳ ላይ ፀጉረ ልውጥ በዝቷል የሚል ጥቆማ ደርሶናል» አለ። ጥቆማው ከየት እንደደረሰ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ጋሽ ነስሩ ራሱ በየሄደበት «ሲሬ እንዳለ እኔ ጋ ነው» እያለ ሲኩራራ ከርሟል። ፈይሳ መዝገቡን ከፈተና ጣቱን እያስሄደ ማንበብ ጀመረ። ከሲሬ፣ ከሲሬ፣ ከጊምቢ፣ ከሲሬ። «ይህ ሁሉ ሰው ያለ ይለፍ ወረቀት ከተማ ገብቷል?» እያለ ፊቱ ሲጠቁር እኔ ከወንበሬ ወደ ታች መንሸራተት ጀምሬያለሁ።

አንድ ገጽ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ራሱን አገኘ። ባለፈው ወር የዝናብ ካፖርት ይሰጠኝ የሚል ማመልከቻ አጽፎኝ ነበር። በዚያ ሳምንት ሲሬን አብዝቻት ስለነበር እሱን ከአንገር ጉቲን አምጥቼዋለሁ።

መዝገቡን አየ፣ እኔን አየ፣ ጠመንጃውን አየ። አብዮት ጥበቃው ራሱ ፀጉረ ልውጥ ሆኖ መገኘቱ ለማንም የማይበጅ መሆኑ የገባው መሰለኝ። ገጿን ቀስ አድርጎ ቀደዳትና አጣጥፎ በደረት ኪሱ ከተታት፤ የኪሱንም ቁልፍ ቆለፈ። «ይቺ አልነበረችም» አለኝ። የቀረውን መዝገብ በብብቱ ይዞ ወደ ቀበሌ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን አዴ ጫልቱ ተመልሰው መጡ። አልተቀመጡም። አልጮኹም። ቢጮኹ ኖሮ ምን ያህል በተሻለኝ!

«ማመልከቻህን አነበቡት» አሉኝ። «ከዚያ መዝገቡን አመጡ። ‹ይሄ የማን ጣት ነው?› አሉኝ። የኔ ነው አልኩ። ‹ከሲሬ መጣሁ ብለሽ ፈርመሻል፤ እስከ እሑድ ቤቱን ልቀቂ› አሉኝ።» አውራ ጣታቸውን አነሡና አዩት። ቀለሙ በጣታቸው መስመሮች ውስጥ ገብቶ ገና አልለቀቀም ነበር። «ጣቴ ነው። ምን ልበላቸው?»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ። አይጡ እኔ ነኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ፤ መሬቱ ግን ሲሚንቶ ነበር።

አሁን ወንድ የሆነ ሰው ተነሥቶ ቀበሌ ሄዶ «ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል። እኔ ግን ሌላ ማመልከቻ ጻፍኩ። «በጽሕፈት ስሕተት ምክንያት...» ብዬ ጀምሬ በሚያምር አማርኛ ማን እንደተሳሳተ ሳይታወቅ የሚያልቅ ማመልከቻ። ይዤ ገባሁ። ሊቀመንበሩ አነበበና «የተሳሳተው ጸሐፊ ማን ነው?» አለኝ።

«ነገሩ... በመጣራት ላይ ነው፣ ጓድ።»

«ተጣርቶ ሲያልቅ ና» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ።

መሪጌታ በረንዳው ላይ ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። ሁሉን ያውቁ ነበር፤ ከቶለሳ ጀምሮ። «ልጄ፣ ሰው ቤቱን ሊያጣ ነው፤ የምን ማጣራት ነው?» አሉኝ። «እሑድ ስብሰባ አለ። ያ ግለ ሂስ የምትሉት ነገር እስከ ዛሬ ለሰው ሲጠቅም አላየሁም። እስቲ አንተ አሳየኝ።»

ግለ ሂስ ማለት፣ ለማታውቁት፣ በየስብሰባው ሰው ተነሥቶ በአደባባይ ጥፋቱን የሚናዘዝበት ሥርዓት ነበር። ይናዘዛል ስል ግን ልብ ያለው ሰው የሚናዘዘው «ስብሰባ ላይ አርፍጃለሁ»፣ «ንባብ ይጎድለኛል» የሚል ጥፋት ነው። እኔም ለእሑድ ሦስት ገጽ አዘጋጀሁ።

እሑድ ጧት የቀበሌው አዳራሽ ሞልቷል። ፈይሳ በሩ ላይ ቆሟል፤ ጋሽ ነስሩ መሐል ተቀምጧል። ተራዬ ደርሶ ተነሣሁና «በውስጤ የተሰገሰገው የንዑስ ከበርቴ ዝንባሌ» ብዬ ጀመርኩ። ሊቀመንበሩ ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ። የቀረው ሰው ማንቀላፋት ጀመረ። እናም አንድ ነገር ገባኝ፤ በዚህ ዓይነት ሦስቱን ገጽ አንብቤ ብጨርስ አንድም ሰው ምን እንዳጠፋሁ ሳያውቅ ይጨበጨብልኛል። ሲያምር! ሁለተኛውን ገጽ ልገልጥ ስል ዓይኔ ፊት ለፊት ወንበር ላይ አረፈ። አዴ ጫልቱ ተቀምጠዋል። እግራቸው ሥር አንድ ጆንያ አለ፤ ከጆንያው አፍ የድስት እጀታ ወጥቶ ይታያል። ቀኑ እሑድ ስለሆነ ዕቃቸውን አስረው ነው የመጡት።

ወረቀቴን አጠፍኩት።

«አዴ ጫልቱ ከሲሬ አልመጡም» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። «እኔ ነኝ ከሲሬ ነኝ ይበሉ ያልኳቸው። ከውጭ ለመጣ ደንበኛ ጋሽ ነስሩ እኩል ስለሚያካፍለኝ ነው። እሳቸው አይሆንም ብለውኝ ነበር። መዝገቡ ላይ ያለው ሁሉ ውሸት ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ያንቀላፋው ሁሉ ነቃ። ሊቀመንበሩ ግን ዓይኑን አጠበበ። «ሰው ዝም ብሎ ራሱን አይከስም። ሴትየዋን ለማዳን የተጠነሰሰ ነገር ነው። ማስረጃህስ?»

ማስረጃ! ወደ ሕዝቡ ዞርኩ። ከሲሬ ያመጣኋቸው የጨለለቂ ሰዎች በሙሉ እዚያው አሉ፤ ሁሉም የጫማቸውን ጫፍ ያያሉ። አልፈርድባቸውም፤ ያለ ይለፍ ከሲሬ መጣሁ ብዬ ፈርሜያለሁ ብሎ በዚያ ዘመን ማን ይነሣል? አዴ ጫልቱ የጆንያቸውን አፍ ማጥበቅ ጀመሩ። በዚያች ቅጽበት እንደጠላሁት ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

ከበሩ በኩል የኪስ ቁልፍ ሲፈታ ተሰማ። ፈይሳ ነው። ከደረት ኪሱ የታጠፈች ወረቀት አወጣ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እዚህ ላይ እኔ ከአንገር ጉቲን መጣሁ ይላል። እኔ አንገር ጉቲንን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ፊርማው ግን የኔ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ቶለሳ ተነሣ። «እኔም ከሲሬ አልመጣሁም» አለ። ሌላዋ ተነሣች። አንዱ ደግሞ እጁን አውጥቶ «ጎማም አልፈነዳብኝ» አለ። «ዱጋ! ዱጋ!» ይላል ሰው፤ እውነት ነው ማለቱ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔው ግን በእኔው ላይ ነበር የጠራው።

መጨረሻ ላይ ጋሽ ነስሩ ተነሣ። ሳቁ ቆመ። መጀመሪያ ወደ ባለ ጎማው ዞሮ «ሁለት ጣሳ ውሃ ጠጥተሃል» አለው። ከዚያ ወደኔ ዞረ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲሰድበኝም ፈልጌ ነበር። «ሰው አምናለሁ ብዬህ ነበር» አለኝ። «አሁንም አምናለሁ። መዝገቡን ግን ከዛሬ ጀምሮ እኔ እይዘዋለሁ።» ተቀመጠ። ስድብ ቢሆን እስከ ዛሬ በረሳሁት።

አዴ ጫልቱ ጆንያቸውን ተሸክመው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እኔ አራት እሑድ የጨለለቂን መንገድ እንድጠርግ ተፈረደብኝ። በሁለተኛው እሑድ አዴ ጫልቱ ከገበያ ሲመለሱ አጠገቤ ቆሙና መጥረጊያዬን አዩ። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት በጣታቸው ወደ ቦዩ አመለከቱኝ። «እዚያ ጋ ቀርቶሃል» አሉኝና ሄዱ። ጠረግሁት።

ወራት አለፉ። የቆዳ ቦርሳዬን ሸጥኩ። መሪጌታም ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አላነሡብኝም፤ አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ብቻ ቀስ ብለው ይስላሉ።

አንድ ረፋድ ላይ አንዲት በቀይ አቧራ እስከ ቅንድባቸው የተሸፈኑ፣ ምርኩዝ የያዙ ሴት ወደ በረንዳው ወጡ። የአውቶቡስ ቲኬት እንደጨበጡ ነው። መሪጌታን አለፏቸው። እኔ ፊት ቆመው «ባለ መነጽሩ አንተ ነህ?» አሉኝ።

እዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጬ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ፣ ከውጭ፣ በእውነት እኔን ብሎ የመጣ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ጋሽ ነስሩም ገብቶታል። ውሃ ቀዳላቸውና መዝገቡን ዘርግቶ ብዕሩን አነሣ።

«እናቴ፣ ከየት ነው የመጡት?»

ሴትየዋ መዝገቡን አዩ። እኔን አዩ። ቀኝ እጃቸውን ቀስ አድርገው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት።

«ከዚሁ ከጨለለቂ» አሉ።

«ማን ላከዎት?»

«ጫልቱ። እህቴ ናት።»

ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው አንሾካሾኩልኝ። «ታምሜ ተኝቼ ሳለ ሲሬ ያለውን የጓሮዬን መሬት ጎረቤት ቆርሶ ወሰደብኝ። ጫልቱ ‹እሱ ጋ ሂጂ፤ የሚጽፈው ነገር ድንጋይ ያስለቅሳል› አለችኝ። ‹ከየት መጣሽ ሲሉሽ ግን ከሲሬ ነኝ እንዳትዪ፤ ጣትሽንም እንዳትሰጪ፤ ቤትሽን ትቀሚያለሽ› ብላኛለች።»

ጋሽ ነስሩ ብዕሩን አንሥቶ ይጠብቀኛል።

«ጋሽ ነስሩ» አልኩት፤ «እባክህ መዝገቡን ዝጋው። የዛሬውን ድርሻ አልፈልግም።»

ዘጋው።

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ታይፑ ላይ ንጹሕ ወረቀት አስገባሁና «ለሲሬ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት» ብዬ ጀመርኩ። አሳምሬ ጻፍኩላቸው። እሳቸውም በትዕግሥት ጠበቁኝ፤ ግን ጽፌ እስክጨርስ ድረስ ያቺን እጃቸውን ከነጠላቸው ውስጥ አላወጧትም።